መባው ይመለስ

ቤተ ክርስቲያናችን መቀበል ታውቅበታለች፤ መመለስ ግን ረስታለች። ክሳችን ይኸው አንድ ነው።

ስለ ምእመናን ግብረ ገብነት መውደቅ በየዐውደ ምሕረቱ የሚነገረውን እኛም ሰምተናል። የልጃገረዷ ቀሚስ አጠረ፤ የጎረምሳው ፀጉር ተንጨባረረ፤ ጾም ተሻረ፤ ወጣቱ ከዳዊት ይልቅ ስልኩን ሲደግም ያድራል። መልካም፤ ይሁን እንበል። ግን ለመሆኑ ቀሚሷ ያጠረባት ልጅ የማንን ጎተራ ገለበጠች? ፀጉሩን ያንጨባረረው ልጅ የማንን ማዳበሪያ ሰውሮ በእጥፍ ሸጠ? ከሳሾቹ የሚደፍሩት ምንም የሌለውን ሰው ነው። ጎተራ የገለበጠውማ ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ ከቅዱሳኑ ስም ጋር ተከታትሎ ይጠራለታል። የወደቀው ነገር እዚህ ላይ ነው እንላለን። ቀሚሱ ላይ አይደለም።

የምንጽፈው ከመካነ ሰላም ግቢ ነው። ከመካከላችን የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የአማራ ሳይንት፣ የለጋምቦ ገበሬ ልጆች አለን፤ ከሩቅ አገር የመጣንም አለን። ዓባይና በሽሎ ገደል ቆርጠው የለዩትን ይህን ደጋ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንንገረው፤ እዚህ አገር ማዳበሪያ ማለት እንጀራ ማለት ነው። መሬቱ አርጅቷል፤ ተዳፋቱን ጎርፍ ልጦታል፤ ማሳው ለወንድማማች ሲከፋፈል ተሸራርፎ አልቋል። ገብስም ይሁን ስንዴ ያለ ማዳበሪያ የዘሩት ጠብ አይልም። ሰኔ ላይ ያጣ ሰው ኅዳር ላይ ይራባል።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ማዳበሪያ ጠፋ። የአማራ ክልል ገበሬ እርሻውን ትቶ አቤት ሊል ባሕር ዳር ድረስ የወጣበት ዓመት ነው። በኅብረት ሥራው በር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የሰነበተ፣ "ገና ነው፤ አልገባም" እየተባለ የተመለሰ ሰው ማታ በጓሮ በር ሲሄድ ማዳበሪያው ከነጆንያው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል፤ ዋጋው ግን እጥፍና ከዚያም በላይ። በሬ ያለው በሬውን ሸጠ። በሬ የሌለው በጉን፣ በግ የሌለው ያልደረሰ ባሕር ዛፉን በቁሙ ሸጠ።

በቀጣዩ ዓመት ከእነዚህ የጓሮ በር ነጋዴዎች አንዱ ለአንድ ደብር የጣራውን ቆርቆሮ በሙሉ ሰጠ። የደብሩንም የሰውየውንም ስም አንጠራም፤ አንድ ደብርና አንድ ሰው ብቻ ቢሆኑ ኖሮማ ቀለምና ስቴንስል ባላባከንን። በንግሡ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ጨረታ ተከፈተ። የእመቤታችን ሥዕል በመስተዋት ታቅፎ፣ ዙሪያው አበባ ተሰክቶበት ወጣ። ሰባኪው ማይኩን ጨበጠ። "አንደኛ!" አለ። "ሁለተኛ! ኧረ ለእመቤታችን የሚጨምር የለም ወይ!" ሰውየው ጨመረ፤ ሌላ ነጋዴ ጨመረ፤ ሰውየው ደገመ። "ሦስተኛ!" እልልታው ቀለጠ። ሰውየው ሥዕሉን አቅፎ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ፤ ከዚያ የቆርቆሮው ነገር ተበሠረ፤ ሕዝቡ እልል እንዲል ታዘዘ።

ከቆሙት መሐል በሬውን የሸጠው ገበሬ ነበረ። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። "እልል በሉ እንጂ፣ ምነው ቀዘቀዛችሁ!" ሲባል ሚስቱ እልል አለች። እሱ ቆርቆሮውን ነበር የሚያየው። ሰው በገዛ በሬው ዋጋ እልል አሰኙት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሰጪው ያ ገበሬ ነበር፤ ምስጋናውን በፍሬም፣ በማኅተም፣ በአለቃው ፊርማ ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሄደው ግን ነጋዴው ነው።

ደብሩ አያውቅም ነበር እንዳይባል፣ ያውቅ ነበር። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ከዚያው ከጓሮ በር ሁለት ኩንታል ገዝተዋል!

የዚያኑ ዕለት አንዲት ባልቴት ጧፍና በቁራጭ ጨርቅ የቋጠሩትን ዕጣን ይዘው መጥተው ለዲያቆኑ ሰጡ። ማይክ አልተነሣላቸውም። እኚህ እናት ወንጌሉ ውስጥ አሉ፤ ክርስቶስ በመዝገቡ ፊት ቁጭ ብሎ ሁለቱን ሳንቲም ሲጥሉ ያያቸው እሳቸው ናቸው። ወንጌሉን የሚያነበው ሰው ዓይን ግን ዘንድሮ ሌላ ቦታ ነው።

የዚያ ገበሬ ልጅ ከእኛ ጋር ይማራል። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ረግጦ አያውቅም። በየጉባኤው "ወጣቱ ለምን ራቀ?" ተብሎ ጥናት ይቀርባል፤ ዘመናዊነት ነው፣ ምዕራባዊ ባህል ነው፣ ስልክ ነው ይባላል። ይህን ልጅ የጠየቀው የለም። ቢጠይቁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልስላቸው ነበር፤ ጣራው የተመታበት ገንዘብ የአባቱ ነው።

ይህን ስናነሣ የሚመጣልን መልስ ምንጊዜም አንድ ነው። "ገንዘብ ምን ኃጢአት አለበት? ቤተ እግዚአብሔር ሲገባ ይቀደሳል" ይሉናል። አይቀደስም። ይህን የምንለው እኛ አይደለንም። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መልሶ በቤተ መቅደስ በበተነው ጊዜ ሊቃነ ካህናቱ፣ ያንኑ ብር ቆጥረው የሰጡት ሰዎች፣ የደም ዋጋ ነውና ከመባው ጋር አይደባለቅም ብለው የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር ገዙበት። ክርስቶስን ለማስያዝ የከፈሉ ሰዎች እንኳ ያፈሩበትን ነገር እኛ በጨረታ እንሻማበታለን።

ዲድስቅልያስ? ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር የሚቆጠር የቤተ ክርስቲያን የራሷ መጽሐፍ ነው። ኤጲስ ቆጶሱን የማንን መባ እንደሚቀበልና የማንን እንደሚመልስ ለይ ብሎ ያዘዋል። ባልቴትንና የሙት ልጅን ከሚገፋ፣ በሐሰት ሚዛን ከሚሸጥ፣ ወይን ላይ ውሃ ከሚጨምር ነጋዴ፣ ፍርድ ከሚያጣምም፣ በአራጣ ከሚያበድር፣ እጁ ደም ከነካ ሰው አትቀበል ይላል። እንዲያውም ከእንዲህ ያለው ተቀብሎ ችግረኛን ከመርዳት በረኀብ ማለቅ ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። ተመልከቱ እንግዲህ! ለጉልላት አይደለም፣ ለቆርቆሮ አይደለም፤ ለድሃ እንጀራ እንኳ ቢሆን አትቀበል ነው የሚለው። ጨረታ ሊከፈት ሲል ማይኩን ተቀብሎ ይህን አንቀጽ የሚያነብ አንድ ደፋር ዲያቆን ቢገኝ ምን ይደርስበት ይሆን? ለሚቀጥለው ንግሥ የሚጠራው አይመስለንም።

ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣብን አይደለም፤ እዚሁ ደጃችን በቅሏል። ጋስጫ ከግቢያችን ሩቅ አይደለችም። በ14ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት፣ የጋስጫው አባ በጸሎተ ሚካኤል ጳጳሱን አቡነ ዮሐንስን "ክህነትን በገንዘብ ትሰጣለህ" ብለው ከሰሱ። ጳጳሱን! አገሩ በሙሉ ከግብፅ በሚመጣ በአንድ ጳጳስ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ እሱ እጁን ካልጫነ ዲያቆን በማይገኝበት ጊዜ። በዚህም አላበቁም፤ ንጉሡን ስለ ጋብቻው ገሠጹት። ከንጉሥና ከጳጳስ ባንድ ጊዜ መጣላት ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው፤ ወደ ትግራይ ተጋዙ። ከእሳቸው በኋላ በዚያው ስፍራ ስማቸው የገነነው አባ ጊዮርጊስ፣ ሰዓታቱን የደረሱት፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት፣ እሳቸውም በሃይማኖት ክርክር ሳቢያ የቤተ መንግሥቱን እስር ቀምሰዋል። የሐምሌ 7 በዓላቸውን የማያከብር ቦረኔ የለም። ቆርቆሮውን የተቀበለው ደብር አለቃም ያከብራሉ፤ ገድል ሲነበብ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ወጥተው የጨረታውን ኮሚቴ ይሰበስባሉ። ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ድፍረት ማንንም አያስከፋም እኮ።

ሥሩን ሳንመረምር ብንጮኽ ግን እኛም ከቀሚስ ለኪዎቹ በምን እንለያለን? እስከ 1967 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ባለ መሬት ነበረች። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን በአንድ ቀን ወሰደው። ለመሬቱ አናለቅስም፤ በ1957 "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡት የዚያ ዘመን ተማሪዎች ልክ ነበሩ፤ የወሎ ጭሰኛ ምን ይከፍል እንደነበርም አያቶቻችን ነግረውናል። ነገር ግን አዋጁ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ፤ ቀዳሹ ምን ይብላ?

መልሱ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ምእመኑ ሰበካ ጉባኤ መርጦ፣ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከካህኑ ጋር ራሱ ያስተዳድር ይላል። ድንቅ ሐሳብ ነው። አንድ ሺህ ድሃ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ማንም ብቻውን ደብሩን አይገዛውም። ሐሳቡ ግን ድካም ይጠይቃል፤ ቤት ለቤት መዞር፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ሒሳብ ማንበብ፣ መጠየቅና መጠየቅን መታገሥ። ጨረታ ይህ ሁሉ የለበትም፤ አንድ ባለጠጋ የዓመቱን በጀት በአንድ ከሰዓት ይሞላዋል። እናም ከሺህ ድሃ ይልቅ አንድ ባለጠጋ ቀለለ። ከዚያ ወዲያ ባለጠጋውን ማን ይገሥጸው? የነፍስ አባቱ? የነፍስ አባቱን ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ የሚችለው እሱ ነው። ንስሐው በስልክ ያልቃል፤ ቀኖናውም አንድ ጥቅል ሻማ ይሆናል።

የገጠሩን ካህን ግን ለይተን እናያለን። ሌሊት ኪዳን አድርሶ ጠዋት እርፍ የሚጨብጥ፣ በዓመት የሚደርሰው እህል ተሰፍሮ ሳያልቅ የሚያልቅ ሰው ነው። ተርቦ ዝም ያለንና ጠግቦ ዝም ያለን አንድ አናደርግም።

ጠግቦ ዝም ያለው ከላይ ነው ያለው። ከዚህ ደጋ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ዜማ ዘልቆ አዲስ አበባ የገባ ልጅ በደብር ለመቀጠር ምን እንደሚጠየቅ እሱኑ ጠይቁት። ለድቁናው ይህን ያህል፣ ለቅስናው ይህን ያህል፣ ለጽሕፈት ቤቱ ወንበር ደግሞ ከዚያ የበለጠ እየተባለ እጅ መንሻው እንደ ገበያ ዋጋ ይወራል። ሐሜት ነው የሚሉ አሉ። በየካቲት 2005 ዓ.ም. የተሾሙት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በቤተ ክህነቱ ሙስና መኖሩን ደጋግመው በአደባባይ ሲናገሩ፣ ሐሜት ነው ማለት ማንን ለማዳን ይሆን? አባ በጸሎተ ሚካኤል የተጋዙበት ነገር ዛሬ ጓደኛሞች ቡና ላይ የሚመካከሩበት ጉዳይ ሆኗል። "ስንት አለህ? እኔ የማውቀው ሰው አለ።"

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ በወሊሶ የ26 ኤጲስ ቆጶሳት ሹመት በተፈጸመ ጊዜ ምእመኑ በየአገሩ ጥቁር ለበሰ። የነነዌን ሦስት ቀን ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ሾፌሩ፣ ባለሱቁ ጥቁር ለብሶ ዋለ። ለቀኖና መቆም ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው እንላለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ያ ጥቁር ልብስ አሁን የት ነው ያለው? ክህነት ያለ ሥርዓት ሲሰጥ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ክህነት በገንዘብ ሲሰጥ ስለ ምን ነጭ ለብሶ ይውላል? ሁለቱንም የሚከለክለው አንዱ ቀኖና አይደለም ወይ? ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ የመጀመሪያው ሩቅ ያለ ሰው ላይ ያስቆጣል፤ ሁለተኛው ግን የአጎታችንን፣ የጎረቤታችንን፣ የአበ ልጃችንን ስም ያስጠራል።

ይህን እያነበቡ "የኦርቶዶክሶች ጉድ ነው" ብለው ፈገግ የሚሉ ወንድሞችም በግቢያችን አሉ። ፈገግታው አይቆይም። ከተማው ነቢይ ነኝ፣ ሐዋርያ ነኝ ባይ ሞልቶበታል፤ ትንቢት በቀጠሮ፣ ዘይት በጠርሙስ፣ በረከት በባንክ ሒሳብ ቁጥር ሆኗል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ በዚያች አንዲት ወር፣ ደርግ ሁለት የሃይማኖት አባቶች ገደለ። አንደኛው አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ወርደው የታሰሩት። ሁለተኛው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመኔን ትቼ አልሄድም ያሉት። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መቃብራቸው እንኳ አልታወቀም። ሁለቱም እሺ ቢሉ ኖሮ መኪናውም ቤቱም ምስጋናውም አይቀርባቸውም ነበር። ዛሬ እምቢ ያለ የሚገደልበት ሰይፍ ከአንገታችን ላይ የለም፤ እምቢ ያለ የሚያጣው ጥቂት ሉክ ቆርቆሮ ነው። እሱንም መጣል አቃተን።

ወሎ ላይ ተቀምጠን ደግሞ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ጎረቤት እንጨት ተሸክሞ ይመጣል፤ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያቀብላል። ከሩቅ የሚመጡ አንዳንድ ሰባኪዎች ይህን ሲያዩ ይከፋቸዋል፤ "የእነሱን እንዴት ትቀበላላችሁ?" ይላሉ። ያው ሰባኪ ከጓሮ በሩ ነጋዴ ሲቀበል ግን አይከፋውም፤ ነጋዴው ማተብ አለዋ! እኛ የገባን ተቃራኒው ነው። የሙስሊሙ ጎረቤት እንጨት የገዛ ላቡ ነው፤ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የተነጠቀ አይደለም። እሱ ይግባ። የሚመለሰው የባለማተቡ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን፣ ለዚህ ቡሌቲን አንባቢዎች። ያ ማዳበሪያ ከመጋዘን ወጥቶ ነጋዴው ጓሮ የገባው በእግሩ ሄዶ አይደለም። የፈረመለት አለ፤ ማኅተም የመታለት አለ፤ መዝገቡ ላይ "ተከፋፍሏል" ብሎ የጻፈለት አለ። ፈራሚው መሐይም አይደለም፤ እንደኛ ዲግሪውን ይዞ የወጣ፣ ምናልባትም እንደኛ በግቢ ጉባኤ ነጠላ አጣፍቶ የዘመረ ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ብዕር ከመካከላችን የአንዱ እጅ ይገባል። የንስሐ አባቱ የማይጠይቁት፣ ደብሩ የማይመልስለት ሰው ያን ቀን ምን ይዞት እምቢ ይላል?

"አትፍረዱ ተብሏል፤ እናንተን ማን ዳኛ አደረጋችሁ?" ለሚሉን፣ ፍርድ አልጠየቅንም። ሰውየው ከቅዳሴ ይውጣ አላልንም። የጠየቅነው ጨረታ ከመከፈቱ በፊት ሰበካ ጉባኤው ቁጭ ብሎ "ይህ ከየት መጣ?" እንዲል ነው። ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ገበሬውም ወጣቱም ወኪል አላቸው፤ ቃለ ዓዋዲው ሰጥቷቸዋል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዝም ማለታቸው ይብቃ። ሒሳቡ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። የሰጪ ስም በማይክ መጥራት ይቅር፤ ሁሉም እንደ ባልቴቷ መጥቶ በዝምታ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ይጨምር። ያኔ ማን መስጠቱን እንደሚቀጥል እናያለን።

"እሺ፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ ይነቀል ነው የምትሉት?" አይነቀል። ቀራጩ ዘኬዎስ ክርስቶስ ቤቱ በገባ ቀን ለምኵራቡ ጣራ ልክደን አላለም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጥቶ፣ የቀማውን ደግሞ ለቀማው ሰው አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። ነጋዴውም ይህን ያድርግ፤ ቆርቆሮው ያን ጊዜ እዚያው ይቆይ። ከጓሮ በሩ የገዙት ገበሬዎች በየቀበሌው ይታወቃሉ፤ ስንት ኩንታል እንደወሰዱ፣ ምን ሸጠው እንደከፈሉም ይታወቃል። ዝርዝሩን ለመጻፍ ቄሰ ገበዙ ከራሳቸው ሁለት ኩንታል ይጀምሩ።